በቁመቷ ልክ የተሳልኩት ጧፍ

በዚያ ቀን በወገራ፣ በታላቅ እኅቴ ቤት የተገኘነው አምስት ነበርን። አንደኛዋ የቤቱ ባለቤት ታላቅ እኅቴ ናት፤ ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ጉልበቷ ቢደክምም አንደበቷ ያልደከመ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ፣ ሦስተኛዋ ልጃችን፣ አራተኛዋ ዐሥራ ሁለተኛ ዓመቷን የጀመረችው የልጃችን ልጅ ናት። አምስተኛው እኔ ነኝ። ድመቷን ጨምሬ ስድስት ልል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እኅቴ ድመቷ ለቤቱ ከእኔ የበለጠ ስለምትጠቅም ከእኔ ቀድማ መቆጠር አለባት ብላ የምትከራከር በመሆኗ ነገሩን ትቼዋለሁ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሌሎች የጻፉትን ለተማሪ በማብራራት ነው። ስለ ራሴ የጻፍኩት ነገር ቢኖር አንድ የሥራ ማመልከቻ ብቻ ሲሆን፣ እርሱንም ባለቤቴ “ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ይመስላል” ብላ ነቅፋዋለች። አሁን ብዕር ያነሣሁት የልጅ ልጄ ከሐዋሳ ደውላ፣ ያንን ቀን እንደ ነበረ ጻፈው፣ አሳምረህ ግን አትጻፈው ስላለችኝ ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ልጅቷ በተወለደች በሦስተኛው ወር ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ተኛች። አንድ ማለዳ በኮሪደሩ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ሳለሁ፣ ማንም ሳይሰማኝ ተሳልኩ። ይህች ሕፃን ከዳነች፣ በተወለድኩበት በወገራ መንደር ላለችው ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን በቁመቷ ልክ ጧፍ አስገባለሁ፤ የማስገባውም በራሷ እጅ አስይዤ ነው አልኩ። ልጅቷ ዳነች። ጧፉን ግን አላስገባሁም።

ምክንያቱን ለመናገር ዛሬም ይከብደኛል። ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቼን እግዚአብሔር በሰምና በክር አይደለልም እያልኩ አስተምሬአለሁ። ባለቤቴም አንድ ነገር በተሳለች ቁጥር “ዛሬ ደግሞ ከየትኛው ደብር ጋር ተዋዋልሽ?” እያልኩ አሾፍባት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ጧፍ ተሸክሞ ያደገበትን ቅጽር ሲያቋርጥ ቢታይ ምን ሊባል ነው? ስለዚህ ከጾሙ በኋላ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ መኸሩ ሲሰበሰብ እያልኩ ቀጠሮ አራዘምኩ። ልጅቷ ግን ቀጠሮዬን ቆማ አልጠበቀችም፤ አደገች።

ያለፈው ነሐሴ ላይ አማቼ ወደ ሐዋሳ ተዛውሮ ቤት ሊከራይ ቀድሞ ሄደ። ልጄና ልጇም ሰኞ ማለዳ ሊከተሉት ተቆረጠ። በራሷ እጅ ብዬ ተስዬ ነበርና፣ ወይ ከዚያ በፊት፣ ጓዝ ሳይጠቀለል፣ ዓርብ ይሆናል፣ ወይም ይቀራል። ዕድሜዬም መንገዱም ሌላ ቀጠሮ የሚያሰጥ አልነበረም።

እውነቱን ከመናገር ይልቅ ሽርሽር አዘጋጀሁ። ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ነው፤ የገጠር አድባራት በዚያ ሱባኤ ብዙ ጧፍ ያስፈልጋቸዋል። እንግዲህ ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ወገራ ሄደን፣ የጧፍ አሠራር ከአያቷ እኅት ትማር አልኩ። ባለቤቴ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተችኝና “አንቱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የእጅ ሥራ የወደዱት?” አለች። በደኅናው ጊዜ አንተ ነው የምትለኝ፤ አንቱ የምትለኝ ልታሾፍብኝ ስትፈልግ ነው።

ልኩን በምሥጢር ለማግኘት የልጅቷን የትምህርት ቤት የጤና ካርድ አወጣሁ። አንድ ሜትር ከሠላሳ ስድስት ይላል። የተገመደ የጥጥ ክር በማስመሪያ ለክቼ ቆረጥኩና በአንድ ትልቅ መጽሐፍ መካከል ደበቅሁት፤ ሰሙንም ለእርሱና ለጥቂት አጫጭር ጧፎች ብቻ እንዲበቃ መጥኜ ከቅዳሜ ገበያ ገዛሁ። ምሁር የሚያደርገውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጌአለሁ። ካርዱ የተጻፈበትን ዓመት ብቻ አላየሁም።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮች አጣርቼ ዓርብ ማለዳ ከጎንደር በሚኒባስ ተነሣን። ዝናቡ ከወለቃ ጀምሮ አብሮን ተጓዘ። በመንገድ ዳር የሸክላ ሻጮቹ ዕቃቸውን በላስቲክ ሸፍነው እነርሱ በዝናብ ሲደበደቡ አየንና ልጅቷ ሳቀች። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ከመኪና ወርደን በጭቃ ግማሽ ሰዓት ተጓዝን። ባለቤቴ መጽሐፉን በብብቴ ሥር አጥብቄ መያዜን አይታ፣ በዚህ ዶፍ ውስጥ ለማን ልታስተምር ነው ስትል ጠየቀችኝ። ለድመቷ አልኳት።

እኅቴ ቤት ስንገባ የቆርቆሮው ጩኸት ሰላምታችንን ዋጠው። ልጄን ሳመች፣ ባለቤቴን ሳመች፣ የልጅ ልጄን ደግማ ደጋግማ ሳመች፤ እኔን ግን ከራሴ እስከ እግሬ አየችና “አንተስ ሸጋ ነህ፤ ብቻ ጭቃህን ደጅ ተወው” አለችኝ። ልጅቷ ጾመኛ ነበረች፤ እስከ ቅዳሴ መውጫ ውኃም አልቀምስም ብላ ምላለች። ስለዚህ ማንም ከእርሷ በፊት የሚቀምስበት ፊት አላገኘም፤ ሁላችንም በአንዲት ሕፃን ጥብቅነት ታስረን ወደ ሥራው ገባን።

የጧፍ ሥራ ሲታይ ቀላል ነው። ሰሙ በለዘብ ያለ እሳት ይቀልጣል፤ የተገመደው ክር ይነከርበታል፤ ከዚያ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ሲወጥረው፣ ሦስተኛው ሰሙ ሳይደርቅ በመዳፉ ከዳር እስከ ዳር እያሸ ያለሰልሰዋል። ሰሙ በእጅ ሙቀት ካልለሰለሰ ይሰነጠቃል፤ እጅ ከዘገየ ደግሞ ይጎረብጣል። እኅቴ ይህን ሁሉ የምታስተምረው በመስደብ ነው። የልጄን ሥራ የአይጥ ጅራት አለችው። የእኔን አይታ፣ ይኼ ጧፍ ነው ወይስ ከደጅ የገባ ትል ብላ ጠየቀች። የልጅቷን ስታይ ግን ዝም አለች፤ በእኅቴ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ የለም።

አጫጭሮቹ ሲያልቁ፣ ሁሉም በወሬ ተጠምዷል ብዬ መጽሐፉን ከፈትኩና ረጅሙን ክር ሳብ አደረግሁ። እኅቴ ቀና ሳትል “ምነው ይህ ለብቻው?” አለች። እንዲያው ረዘም ያለ ለቅድስቱ ይሆናል ብዬ ነው አልኩ። ክሩን ከእጄ ወሰደች፤ ልጅቷን ከምሰሶው አስጠግታ አቆመቻት፤ አንዱን ጫፍ ከተረከዟ ሥር አስረግጣ ሌላውን ወደ ላይ ሳበችው። ክሩ ቅንድቧ ላይ ሲደርስ አለቀ።

“ይህ የሰው ቁመት ነው” አለች እኅቴ። “የዚህችው ልጅ ቁመት ነው፤ የአምናው። የማን ስለት ነው?”

ሁሉም ወደ ባለቤቴ ዞሩ። ተፈጥሯዊ ነበር፤ በቤታችን የሚሳል ሰው አንድ ብቻ እንደ ሆነ ይታወቃል። ባለቤቴ በሰም የወየበ እጇን እያሻሸች፣ እኔን አትዩኝ፣ የእኔ ስለት በጊዜው የሚገባ ነው አለች። ልጄ ራሷን ነቀነቀች። እኔ በሩን አሻግሬ ዝናቡን እመለከት ነበር።

“አባባ” አለች ልጅቷ፣ “ጠብታውን እየቆጠርከው ነው?”

“የእኔ ነው” አልኩ።

“አልሰማሁም” አለች እኅቴ። ጆሮዋ ከእኔ ጆሮ የተሻለ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ደገምኩት።

ሳቅ ይሆናል ብዬ የፈራሁት ነገር አልመጣም፤ የመጣው ከሳቅ የባሰ የተግባር ጥያቄ ነበር። ክሩ ግማሽ ስንዝር ያህል ጎድሏል፤ የስእለት ክር ደግሞ አይቀጠልም። መጥኜ የገዛሁት ሰምም በአጫጭሮቹ ላይ ከታሰበው በላይ ሄዷል። ልጅቷ ጎንበስ ብትል እንደሚበቃ ሐሳብ አቀረበች፤ ጎንበስ ብላም አሳየችን። እኅቴ ክርም ሰምም በቤቷ ሞልቷል፤ ነገር ግን የስእለት ዕቃ አይዋሱትም፣ ያጣ ሰው ለምኖ ያገኛል አለች። እርሷ እንደምትለው፣ ለማኙ ከደጅ ቆሞ፣ የእመቤታችንን ስም ጠርቶ፣ የተሳለበትንም ምክንያት በገዛ አፉ መናገር ነበረበት።

እንዲህ ያለ ሥርዓት በሀገራችን መኖሩን አላጣሁትም። ሴቶች በስለታቸው ጎረቤት ለጎረቤት እየዞሩ ሲለምኑ እያየሁ ነው ያደግሁት። ይሁን እንጂ ወደ ልማዴ ተመልሼ፣ ይህ በየትኛው መጽሐፍ ተጽፏል አልኳት።

“ሁሉ ነገር ተጽፎ ካለቀ እኔ ምን ልሠራ ነው?” አለችኝ። “የኔታ፣ ወደ ደጅ።”

ጃንጥላዬን አነሣሁ፤ ለማኝ ጃንጥላ አይዝም ብላ ተቀበለችኝ። ወጣሁ። ከክፍክፍቱ የሚወርደው ውኃ በቀጥታ ወደ ማጅራቴ ይገባ ነበር። ይህን በር በልጅነቴ ስንት ጊዜ ሮጬ ገብቼበታለሁ፤ ቆሜበት ግን አላውቅም። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ በክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ፣ ስለ እመቤታችን አልኩ።

ከውስጥ የእኅቴ ድምፅ ፈጥኖ መጣ። “እግዜር ይስጥልን!”

ይህ ለማኝን የምንሸኝበት ቃል ነው። ሌሎቹ ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ፤ ባለቤቴ ከሁሉ አስበልጣ ሳቀች፤ ለዚያ ሳቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስትጠብቅ ነበርና አልተቀየምኳትም። ሳቁ እስኪያልፍ በውኃው ሥር ቆየሁ። ከዚያ ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ። ያዘጋጀሁት ዐረፍተ ነገር ሁሉ ጠፋብኝ።

“ስለ እመቤታችን” አልኩ፤ “የልጅ ልጄ በሕፃንነቷ ታማ ነበር። ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ። በቁመቷ ልክ ጧፍ አስገባለሁ ብዬ ለመንኩ፣ ተሰጠኝም። አፍሬ ነው እስከ ዛሬ የዘገየሁት። ክርና ሰም ጎድሎብኛል።”

በሩ ላይ የምትመጣው እኅቴ ናት ብዬ ስጠብቅ ልጅቷ መጣች። በአንድ እጇ የተገመደ ክር፣ በሌላው የቡጢ ያህል ሰም ይዛለች። “እንካ አባባ” አለችኝ፤ “ስለ እመቤታችን።” በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ለማኝ የሚለውን ምርቃት አውቀዋለሁ፤ በእርሱ ፈንታ እጇን ሳምኩ።

ስገባ ባለቤቴ በነጠላዋ ራሴን አደረቀችልኝና፣ ጥምቀት በጥር መስሎኝ፣ አንቱ ግን ቀሐ ወንዝ ሳይወርዱ ተጠመቁ አለች። ልጄ ግን አልሳቀችም። በዚያ በሆስፒታሉ ማለዳ ከልጇ አልጋ ወጥታ እኔን ኮሪደሩ ላይ እንዳየችኝ ነገረችን። ሁልጊዜ ትዝ የሚላት ነገር ነበረ። “ጋዜጣ ታነብ ነበር፣ አባዬ። ልጄ እንዲያ ሆና አንተ ጋዜጣ ታነብ ነበር።”

“ይዤው ነበር” አልኳት። “አላነበብኩትም።”

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ይዛ ኖራለች፤ እኔም ሌላውን ይዤ ኖሬአለሁ። ሁለታችን ተለዋወጥን። አዲሱ ክር ሰም ውስጥ ገብቶ ሲወጣ አንዱን ጫፍ እርሷ ያዘች፣ ሌላውን እኔ ያዝኩ፣ ልጅቷም ከእናቷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እናቷ እየተመላለሰች በመዳፏ አለሰለሰችው። እኅቴ ስትሳደብ ቆየችና ወደ መጨረሻው ዝም አለች።

ባለቤቴ የያዘችውን ያወጣችው በዚህ ጊዜ ነው። በዚያው ሰሞን እርሷም ያንኑ ስእለት፣ ለዚያችው ደብር፣ በልጅቷ ቁመት ልክ ተስላ ኖሯል። ልጅቷ ከሆስፒታል በወጣች በሁለተኛው ሳምንት በአንድ መንገደኛ እጅ ልካ አስገባችው። ጧፉ ከክንድ ጥቂት ያለፈ ነበር አለች፤ በእጇም ልኩን አሳየችን። “አንቱ ግን ሲመራመሩ ልጅቷ ጥላዎት አደገች።”

የልጅ ልጄ የሁለቱን ጧፎች ልዩነት በዐይኗ ለካች። ቶሎ ብታስገባው ኖሮ ትንሽ ሰም ይበቃህ ነበር፣ መለመንም አይኖርም አለችኝ። እውነቷን ነው።

ዝናቡ እየቀነሰ ሳለ ጧፉን ጠቅልለን፣ በፌስታል ሸፍነን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። ቅዳሴው ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ደረስን። ጧፉን ልጅቷ ያዘች፤ እኔ ከኋላዋ ተከተልኩ። ቄሰ ገበዙ ከተማሪዎቼ አንዱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ በእጇ ያለውን፣ ከዚያም እኔን አዩ። ፊታቸው ላይ ያ የድሮ ትምህርቴ ሲያልፍ አየሁት። ትሑት ሰው ስለ ሆኑ ግን የጠየቁኝ፣ ከማን እንደ ሆነ ብቻ ነው። ስሜንና የልጅቷን የክርስትና ስም ነገርኳቸው። ጮክ ብለው ጠርተው፣ በሕዝቡ ፊት መረቁን። ማንም አልሳቀም። አንዲት አሮጊት ወደ ልጅቷ ጠጋ ብለው፣ አንቺ ነሽ እንዴ ይህን ሁሉ ያህል ያደግሽው አሏት።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው የኖርኩት ነገር አለ። በየቀኑ እግዚኦ የምንለው አርባ አንድ ጊዜ ነው። እኔ ይህን ቃል ለአርባ ዓመት ተርጉሜአለሁ፤ የለማኝ ቃል መሆኑንም ለተማሪ አስረድቻለሁ። ሆኖም ይህን ሁሉ ስል የቆምኩት ከቤቱ ውስጥ ሆኜ፣ ለሌላው ለማኝ ቃሉን እያቀበልኩ ነበር። ከክፍክፍት ሥር፣ ማጅራቴ በውኃ ርሶ፣ የገዛ እኅቴ አባርራኝ ስቆም ነው የደጅ ጥናት ምን እንደ ሆነ የገባኝ። እግዚአብሔር በሰም አይደለልም የሚለው ትምህርቴ ስሕተት አልነበረም፤ ዛሬም እንደዚያው አስተምራለሁ። ነገር ግን ስእለት እርሱን መደለያ ሳይሆን፣ የተሰጠን ነገር ተሰጠኝ ብሎ በአደባባይ ለመናገር ያህል የሚያዝ ምልክት መሆኑን አላስተማርኩም፤ አላውቀውም ነበርና። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ባስገባው ኖሮ ስለ አንዲት ሕፃን አመሰግን ነበር። አሁን ያመሰገንኩት ስለ እያንዳንዷ ስንዝር ነው። ይህን ስል ግን መዘግየቴን ጥበብ አድርጌ ማቅረቤ አይደለም፤ ኩራት ነበር። እርሱ በቸርነቱ ኩራቴን ለልጅቷ ማደጊያ አደረገው።

ወደ እኅቴ ቤት ተመልሰን ጾመኛዋ ስትፈታ ሁላችንም በላን። የአምናው አጭር ክር ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ቀርቶ ነበር። ልጅቷ አውርዳ ጠቀለለችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምን ያደርግልሻል ብላት፣ አምና እኔ ይህችን ታክል ነበርኩ፣ ሐዋሳ ላሉት አሳያቸዋለሁ አለች።

ሰኞ ማለዳ ጎንደር አውቶቡስ ተራ ሸኘናቸው። ልጄ ከመሳፈሯ በፊት አንገቴን አቅፋ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየች፤ እንዲህ ካደረገች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። ባለቤቴና እኔ ወደ ቤት ተመልሰን በጸጥታው ውስጥ ተቀመጥን። ከቀትር በፊት ስልኩ ጮኸ፤ እኅቴ ነበረች።

“ሄዱ?” አለች።

“ሄዱ።”

“እንግዲህ ስንት ቀራችሁ?”

“ሁለት” አልኳት።

“ምነው፣ አሁንም በአምናው ክር ለክተህ ነው የምትቆጥረው?” አለች። “እኔን ጨምር።”

ጨመርኳት። ሦስት ቀረን።